የሊቀ ቀሪዎች ሰርፀ አስራ አምስት ደቂቃ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ታክሲ ተራው ፊት ለፊት ባለችው ካፌ የሚወራው ወሬ እንዲህ ነው፦ ሰርፀ የሚባለው የአራተኛ ዓመት ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ጀምሮ ክፍል የሚባለውን ነገር በሩን እንኳ አያውቀውም። ስሙ ሲጠራ ወንበሩ ራሱ «አቤት» ይላል። አቴንዳንስ ወረቀቱ ላይ ፊርማው በራሱ ጊዜ ይበቅላል። ውጤት ሲለጠፍ ግን ከላይ እስከ ታች ኤ ነው።

መቼም እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ግቢ የለም። መመሪያውን ከነነጠላ ሰረዙ በቃሉ የያዘ፣ ስንት ቀን መቅረት እንደሚቻል ከሬጅስትራር በፊት የሚያውቅ። የፈረንሳዩ ግን የሁሉም አለቃ ናቸው። ክቡር ሊቀ ቀሪዎች ሰርፀ መመሪያውን ፎቶ ኮፒ አስነሥተው፣ ላስቲክ አልብሰው፣ በብብታቸው ይዘው ይዞራሉ። ረፋድ ላይ ገና አሁን ከአልጋ እንደወረደ ሰው እያዛጉ ካፌዋ ብቅ ይሉና ጥጋቸውን ይይዛሉ። ጉባኤው ይጀመራል።

«ስሙኝ፤ ሰላሳ ክፍለ ጊዜ አለ። ሰማንያ በመቶው ሃያ አራት ነው። ስድስቷ የግላችሁ ናት። ስድስቷን ሳይቀር የተመረቀ ልጅ መብቱን ለመንግሥት መልሶ የሄደ ነው። አንቀጽ አለው!»

ማኪያቶው ቢቀዘቅዝ አንቀጽ አለው። የታክሲ ረዳት ሦስት ሰው ደርቦ ቢያስቀምጣቸው አንቀጽ አለው። አንድ ቀን ዝንብ ስኳሩ ላይ ብታርፍ አንቀጽ ጠቅሰው አስነሥተዋታል፤ ካፌዋ ሙሉ ሰው ምስክር ነው።

ወሬውን ሙሉ በሙሉ ያልዋጠችው የክፍላቸው ልጅ ዳርቱ ብቻ ነበረች። አንድ ረፋድ፣ መምህሩ ዶክተር የማነ ክፍል ውስጥ የተናገሩትን ቀልድ ለሰርፀ ልትነግራቸው ጀምራ ሳትጨርስ ሳቁ። ክፍል ያልገባ ሰው የቀልዱን መጨረሻ ከየት አመጣው? ይህ ሲያብሰለስላት ሰነበተ። ግን የማን ምስክርነት ይጠየቃል? መቶ ሃያ ተማሪ ባለበት አዳራሽ ወሬውን የሚያወሩት ሁሉ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ክፍል የማይገቡት ናቸው። እሷም ብትሆን ዘግይታ ስለምትገባ ቦታዋ በሩ ሥር ነው፤ ከዚያ የሚታየው የሰው ማጅራት ብቻ ነው። ከማጅራቱም ሁሉ የምትለየው አንዱን ነው፤ ፊት ወንበር ላይ ቀይ የሹራብ ኮፍያ አጥልቆ የሚቀመጠውን፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው «ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ» የሚለውን ጉድ። ያንን ኮፍያ የማይረግም ተማሪ አልነበረም። ካፌ ገብተው ሲረግሙት ሰርፀም አብረው ይረግማሉ።

ዳርቱ ቤቷ እንጦጦ ማርያም ጀርባ ነው። ስድስቱን ቀኖቿን ጨርሳለች፤ ሁለቱን ታክሲ አጥታ፣ አንዱን ዝናብ አግቷት፣ አንዱን በአክስቷ ልጅ ሠርግ፣ አንዱን በሠርጉ መልስ፣ አንዱን ደግሞ የመልሱን ድካም ስትተኛ። ሰባተኛ እንደማይጨመር ታውቃለች። ለዚህም ከባሕር ዛፉ መሐል በእግሯ ቁልቁል ስትሮጥ፣ ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች «የየትኛው ክለብ ነሽ?» እያሉ ይጠይቋታል።

ከፈተና የተከለከሉት ሲለጠፉ ታዲያ ዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ሌሎቹን ቀሪዎች ጓደኛ እየፈረመላቸው ተርፈዋል። ዳርቱ ኢቲቻ፤ ሰባት ቀን።

«ሰባተኛዋ ከየት መጣች?» አለች ካፌ ገብታ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ሰርፀ፣ አባዬ ለምረቃዬ በጉን ከገዛው ቆየ! አሁን በስሙ እየጠራው ነው። ዘንድሮ ካልተመረቅኩ በጉ አብሮን ሊያረጅ ነው!»

ቀኑን ቆጠሩ። ዶክተር የማነ ሃያ ደቂቃ የዘገዩበት ማክሰኞ ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ልክ በአስራ አምስተኛው ደቂቃ ተማሪው ነቅሎ ወጥቷል፤ ክቡርነታቸው ከሳምንት በፊት «አስራ አምስት ደቂቃ የዘገየ መምህር እንደቀረ ይቆጠራል፤ አንቀጽ አለው!» ብለው ደንግገው ነበርና። ዳርቱ ስትወጣ ቀዩ ኮፍያ ከወንበሩ አልተነቃነቀም። «ይሄ ደግሞ ጥያቄውን ለሰሌዳው ሊጠይቅ ነው» ብላ ነበር የወጣችው።

«ተነሺ!» አሉ ሰርፀ፣ ላስቲኩን ወልውለው። «ጠበቃሽ እኔ ነኝ።»

አንቱታውን ከቢሮው በር ላይ ትተን እንግባ።

«ዶክተር፣» አለ ሰርፀ ደረቱን ነፍቶ፣ «ያን ማክሰኞ ሃያ ደቂቃ ዘግይተዋል። ስለዚህ ትምህርት እንዳልነበረ ይቆጠራል።»

ዶክተር የማነ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ነህ ይህን የምትለኝ? ነበርክ እኮ! ብቻህን ተቀምጠህ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማርኩህ። ሦስት ጥያቄ ጠየቅኸኝ።»

የዚያን ቀን አቴንዳንስ ከመሳቢያ ወጣ። መቶ አስራ ዘጠኝ ባዶ ቦታ፣ አንዲት ፊርማ። ዳርቱ የማን ፊርማ እንደሆነ አየች፤ ቀጥላ ከሰርፀ ጃኬት አንገት ሥር ሾልኮ የወጣውን ቀይ ኮፍያ አየች።

«ኮፍያው አንተ ነህ?» አለች። «ስንረግምህ አብረኸን ትራገም ነበር?»

«ከሁላችሁም በላይ» አለ ሰርፀ መሬት መሬት እያየ።

«እስቲ አንቀጹን አንብብልኝ» አሉ ዶክተሩ።

ሰርፀ ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ዳርቱን ቀና ብሎ አያት። ዝም ቢል ስሙ ይተርፋል፤ በጉ ግን ያረጃል።

«የለም፣ ዶክተር» አለ። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እነሱ አምነውኝ ወጡ። እኔ ግን... ራሴን አላመንኩትም።»

ዶክተሩ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። «እኔም ዘግይቻለሁ፤ አልክድም። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ያን ትምህርት አንተ ታስተምራቸዋለህ። የመጣ ሁሉ የዚያ ቀን መቅረቱ ይሰረዝለታል። ከተጀመረ በኋላ ለገባ ግን አልፈርምም።»

ሲወጡ ዳርቱ እጅጌውን ጎተተችው። «ለምን ደበቅኸን ግን?»

«ከፊት ወንበር ልጅ ጋር ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት አዳራሹ ሞላ፤ ዳርቱ ብቻ የለችም። ሰርፀ ማርከር ይዞ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ሰሌዳውን ጠረገ። የጠረገውን ደግሞ ጠረገ።

«አትጀምርም?» አሉ ከኋላ የተቀመጡት ዶክተር።

«ማርከሩ እምቢ አለኝ።» አራገፈው፣ ተነፈሰበት፣ ቀንና ወሩን በቁም ጽሕፈት ጻፈ። ሰሌዳውን አራተኛ ጊዜ ሲጠርግ ልክ አስራ አምስት ደቂቃ ሞላ፤ መቶ አስራ ስምንት ተማሪ ቦርሳውን አንሥቶ ብድግ አለ።

«አንቀጽ አለው!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«አንቀጽ የለውም!» ብሎ ጮኸ ሰርፀ፣ በሩን በጀርባው ዘግቶ። «ተቀመጡ! ኧረ በናታችሁ ተቀመጡ!»

በሩ ከኋላው ተገፋ። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ፣ ፀጉሯ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ዳርቱ ነበረች።

«ተጀመረ?»

«ገና ማርከር እየፈለግን ነው» አለ ሰርፀ። ያን ጊዜ ማርከሩ ወዲያው መጻፍ ጀመረ።

ዳርቱ በሩ ሥር ልትቀመጥ አለችና ተወችው፤ ሄዳ የፊቱን ባዶ ወንበር ያዘች። ከዚያ ቁጭ ብላ ስታየው፣ ፊቱ ከማጅራቱ ይሻል ነበር።

በዚህ መሐል ከኋላ፣ ተርም ሙሉ ታይቶ የማያውቅ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ክፍል ገብቶ አያውቅም ይባል የለ እንዴ?»

«ውሸት ነው» አለ ሰርፀ። «በአራት ዓመት አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም።»