ሰገን የአያቷን ላሞች በጉባኤ ፊት ስለ መቁጠሯ

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ የአያቲቱ የወይዘሮ ገላነሽ ጉልበት ደመና በመጣ ቁጥር መጠዝጠዝ በጀመረ በአራተኛው ዓመት፣ ውሃው ከፎገራ ሜዳ ሸሽቶ ሩዙ በታጨደበት ወራት፣ የብረት ወዳጅ፣ የገለባ አስገባሪ፣ ቁርስ የማትበላ፣ ሹራብ የማትይዝ ሰገን የአያቷን ላሞች በጉባኤ ፊት እንዴት እንደ ቆጠረች እንጽፋለን፤ አስጀምሮ ማስፈጸም የፈጣሪ ነው።

ይህች ሰገን የሩዝ ገለባን ከስኳር ፋብሪካ በሚወጣ ሞላሰስ አሽታ እንደ ጡብ የምታወጣበት መጭመቂያ ሠርታ ነበር፤ ክረምት ሜዳው ሐይቅ ሆኖ ከብቱ የሚግጠው ሲያጣ ያን ጡብ ከቆጥ አውርዶ ለማብላት። የአያቷ ላሞችም ክረምቱን እሱን በልተው ወዛቸው ሳይጠፋ ወጡ። ነገር ግን የመጭመቂያው ብየዳ እየለቀቀ አስቸገረ፤ ስለዚህም የዩኒቨርሲቲው የሥራ ፈጠራና ኢኖቬሽን ማዕከል ለውድድሩ አሸናፊ የሚሰጠውን የብረት ሥራ ወርክሾፕ ተመኘች። ያን ካላገኘች ብረቱ ከጎተራው ሥር ዝጎ ይቀራል፤ በመጪው ክረምትም የላሞቹ አጥንት እንደ ድሮው ከሩቅ ይቆጠራል።

ወእምዝ፣ በመጀመሪያው ዘመቻዋ፣ ከውድድሩ ዳኞች ፊት ስትቀርብ፣ ስንት ላም እንደ መገበች ቢጠይቋት፣ እንዳሳደጓት፣ ተመስገን ነው ብላ መለሰች። ዳኞቹም ተማክረው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ተመስገን ቁጥር አይደለም! ቁጥር ይዘሽ ተመለሽ!»

ወይዘሮ ገላነሽ ይህን በሰሙ ጊዜ መቀነታቸውን አጥብቀው ከደጃፋቸው ቆሙና አዋጅ ነገሩ፦ «በግቢዬ ያላችሁ፣ አጥር ተደግፋችሁም የምትሰሙ! ልጅና ከብት አይቆጠርም! የቆጠረ እንደሆነ ዓይን ይቆጥርለታል! አያልነህ ገበያ መሀል ጥጃዎቹን ቆጥሮ ምን እንዳገኘው ጠይቁት፤ ዛሬ ዶሮ እንኳ የለውም!»

ሰገንም ምሳዋን ትታ ከመጭመቂያው ሥር ተቀመጠች፤ እራቷንም ተወች፤ በማግስቱም እንዲሁ። አያቲቱ ጅብ የማይፈሩ፣ የወረዳ ሹም የማይፈሩ፣ ልጅ ጦሟን ስታድር ግን ሐሞታቸው የሚፈስ ነበሩና ምሽጋቸው ተሰበረ።

ተሰበረ ቢባልም እጅ አልሰጡም። ወበይእቲ ዕለት፣ ውድድሩ በሚደረግበት ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ልጃቸውን ወንዴን በጥቅሻ ጠርተው ዳልቻን፣ ያችን የወተት ምንጭ፣ የበረቱን እመቤት፣ ይፋግ ካሉት አማቾቻቸው ዘንድ ነድቶ እንዲያደርስ አዘዙት። ከዚያ ወጥተው አወጁ፦ «ዛሬ ጧት ከበረት ያገኘሽውን ቁጠሪ! ውሸት ግን ከአፍሽ እንዳይወጣ፤ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ!»

ወደ ውድድሩ ሰገንን የተከተላትም ሠራዊት ይህ ነው፦ በቀኟ አያቲቱ፣ ቆሎና ሹራብ ታጥቀው፤ በግራዋ ጎረቤቲቱ ሙናዬ፣ ወሬው እንዳያመልጣት፤ ከፊቷ ቻላቸው ባለባጃጁ፣ እንደ ደከመ በሬ በሚያቃስት ባጃጁ መጭመቂያውን ጭኖ፣ እስከ ደብረ ታቦር መገንጠያ ድረስ፤ ከዚያም ወዲያ ሚኒባሱና ረዳቱ፣ የብረቱን ኪራይ በግፍ የጠየቀው።

አዳራሹም ሞላ። የዳኞቹ አለቃ ዶክተር ገብረማርያም ድምፅ ማጉያውን ጨብጠው «የመገብሽው ስንት ላም ነው? ቁጥሩ ይነገር!» ብለው አወጁ። ሰገንም ወደ አያቷ ዞራ አየች። ወይዘሮ ገላነሽም አሰቡ፤ ዳልቻስ ተርፋለች፣ የቀሩት ግን ላም አይደሉም? ያን ሁሉ ዓይን ማን ይችለዋል? ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ጉልበታቸውም ጮኸ፤ እርሳቸውም ጮኹ፦ «ጉባኤው ይስማ! አስቀድማችሁ ሁላችሁም ቱፍ ቱፍ በሉ! ሳይባርክ የሚሰማ ጆሮ ይደፈን!»

ዶክተሩ የውድድሩን ደንብ ገለጡ፤ ስለ ምራቅ የተጻፈ አልነበረም። ነገር ግን እርሳቸውም አያት ያሳደጋቸው ነበሩና ማጉያውን ወደ ጎን ብለው ቱፍ ቱፍ አሉ። ዳኞቹ ተከተሉ፤ ላፕቶፕ የታቀፉት ተወዳዳሪዎች ተከተሉ፤ የበር ጥበቃው ለጥንቃቄ ደገመው። ማዕከሉ ከተመሠረተ ወዲህ እንዲህ ያለ ቅንጅት አልታየም ይባላል። በዚያን ጊዜ ሰገን ቁጥሩን ሳትንተባተብ ተናገረች፤ ዳልቻ የሌለችበት የዚያ ጧት እውነት ነበረ። ዳኞቹም «በዓይናችን አይተን እንፈርዳለን!» ብለው አወጁ።

በሳምንቱ ሳያስታውቁ ከበረቱ ደረሱ። ወዮ! ዳልቻ ይፋግን ንቃ፣ ገመዷን በጥሳ፣ በዋዜማው ተመልሳ ነበር። ዶክተሩ በጣታቸው እየጠቆሙ መቁጠር ጀመሩ፤ ሰገን አመድ መሰለች፤ አያቲቱ ነጠላቸውን ነከሱ። ጣቱ ከዳልቻ ግንባር ደርሶ ቆመ። ዶክተሩ ላሚቱን አዩ፤ አሮጊቲቱን አዩ፤ ጣታቸውን እባብ ያዩ ያህል አጥፈው ወደ ቀጣዪቱ ተሻገሩ። ከዚያም አወጁ፦ «ቁጥሩ ልክ ነው! ወርክሾፑ ለሰገን ተሰጥቷል!» ሲወጡም ማንም ሳያዛቸው ቱፍ አሉ።

ሰላም ላዕሌሃ ለሰገን፣ ለገለባ አስገባሪዋ፣ በአደባባይ ቆጥራ በረቷ ላልጎደለባት! ክብር ለወይዘሮ ገላነሽ፣ ጉባኤን በምራቅ ለገዙት! ስንት ላም ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ምራቁን አዘጋጅቶ በአካል ይምጣ፤ እዚህ አይጻፍም። ዳልቻም ከቁጥር ውጭ ትኑር፤ ሰገንም ሹራቧን ትልበስ፤ ለዓለመ ዓለም፣ አሜን።