ብርቄን ፍለጋ በዓለም መጫወቻዎች

ትናንት ሕልም አየሁ። የሌሊት አይደለም። የፍልሰታን ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል ቀምሼ፣ ጋደም ባልኩበት ያየሁት የቀን ሕልም ነው። እናቴ የቀን ሕልም አይፈታም ትል ነበር። እኔም እንድትፈቱልኝ ሳይሆን እንዲወጣልኝ ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ግን አስቀድሜ ስለ ልጄ ልናገር። ብርቄ ዐረብ አገር ሰው ቤት ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። አሠሪዎቿ ክረምት በመጣ ቁጥር ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው ዓለምን ይዞራሉ፤ ዛሬ ቶኪዮ፣ ከነገ ወዲያ ፓሪስ። የሚሄዱት ሙዚየም ወይም ገዳም ሊያዩ አይደለም፤ መጫወቻ ቦታ ነው። ትልልቅ መንኮራኩር፣ በሰማይ የሚጋልብ ባቡር፣ የሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ። ብርቄም አብራ ትዞራለች። ያልረገጠችው የዓለም መጫወቻ የለም፤ አንዱም ላይ ግን ወጥታ አታውቅም። እነሱ ሲወጡ እሷ ከታች ሻንጣ ይዛ ትቆማለች። ይህን ሁሉ ድምፅዋን እየቀዳች በስልክ ትልክልኛለች። እኔ ጃንጥላ ጠጋኝ ነኝ። ሰፈሬ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፤ አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር ሥራዬን አቆምና ድምፁ እስኪያልፍ ጠብቄ፣ ልጄን ከጀመረችበት እንደገና አዳምጣታለሁ።

ዘንድሮ ፍልሰታ ሲገባ ተሳልኩ። «እመቤቴ ሆይ፣ የልጄን ዓይን አሳይኝ እንጂ፣ እኔ እነዚህን ቀናት ስልኬን ዘግቼ፣ ወሬ ትቼ ሱባኤ እይዛለሁ» አልኩ። ስልኬን አጥፍቼ ከትራሴ ሥር አኖርኩት። ሕልሙን ያየሁት ሱባኤው ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነው።

በሕልሜ በሬን ስከፍት ከደጃፌ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰልፍ አለ። የተሰለፉት ቪዛ ሰጪዎች ናቸው። ክራባት ያሰሩ፣ ፋይል በብብታቸው የሸጎጡ የየአገሩ ሰዎች፣ ዝናቡ እየደበደባቸው ቆመዋል። የፊተኛው እጅ ነሣኝ።

«ጌታዬ፣ አገራችንን እንዲጎበኙልን ልንለምን ነው የመጣነው።»

«ለምነህ ስትጨርስ ወደ አገርህ ለመመለስህ ምን ማስረጃ አለህ?» አልኩት። ጥያቄው ከየት እንደ መጣልኝ እንጃ።

«ሚስት አለችኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ይኸው የቤቴ ካርታ!»

«ፎቶህ ላይ ግራ ጆሮህ አይታይም። ሌላ ተነሥተህ ና።»

ሰውየው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከኋላው ያለችው ሴትዮ፣ «እኔን ስምንት ጊዜ መለሱኝ፣ ምክንያቱን እንኳ አልነገሩኝም» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። አሳዘኑኝ። የጃንጥላዬን እጀታ ጭቃ ውስጥ ነክሬ በየግንባራቸው ማኅተም መታሁላቸው።

የመጨረሻውን ስመታ አውሮፕላን ውስጥ ነበርኩ። ሻንጣዎቹ ቀበቶ ታጥቀው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኛ ሰዎቹ ከላይ፣ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ተጣጥፈን ተጋድመናል። አስተናጋጇ ለሻንጣዎቹ ጭማቂ ታድላለች። በመስኮት በኩል የተቀመጠ ጥቁር ሻንጣ ቀና ብሎ ገላመጠኝ።

«አንተ፣ እግርህን ሰብስብ! ምን ዓይነቱ ዕቃ ነው!»

«ይቅርታ ጌታዬ። ብርቄ የምትባል ልጅ ያውቃሉ?»

«ብርቄን? ስድስት ዓመት በማን እጅ ኖርኩና! እጇ ሻካራ ነው፤ መያዣዬን ፋቀችው። ከእኛ ቀድማ ወርዳለች።»

ልጄ ስትሄድ እጇ ለስላሳ ነበር። መሻከሩን ከሻንጣ ሰማሁ።

ቶኪዮ ወረድን። መጫወቻው በር ላይ ኮፍያ ያደረገች አህያ የቁመት መለኪያ ይዛ ቆማለች። ከመስመሩ በላይ የረዘመ አይገባም። አንድ ባለ ሱፍ ሽማግሌ «ጎንበስ እላለሁ፣ አንዴ ብቻ!» እያሉ ይነፋረቃሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጎንብሼ ስለ ኖርኩ ሳትለካኝ አሳለፈችኝ።

ውስጥ ሰዎች በአራት እግራቸው ይሽከረከራሉ፤ የእንጨት ፈረሶች ጀርባቸው ላይ ተቀምጠው ሙዚቃ ይሰማሉ። ሕፃናቱ ደክሟቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው የወላጆቻቸውን ጫማ ይጠብቃሉ። አንዲቱን ብርቄን አይታ እንደ ሆነ ጠየቅኋት።

«አሁን ወጣች አባባ። አባቴን ካገኙት ግን፣ ይብቃህ፣ ነገ ሥራ አለህ በሉልኝ።»

ሲንጋፖር ስደርስ ባቡሩ ቆሟል፤ ሰዎቹ ፀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ የሚጋልቡትና የሚጮኹት ተራሮቹ ናቸው። የሰው ጭምብል ያጠለቁ እንስሳት ከጎብኚ ጋር ፎቶ ይነሣሉ። አንድ ጦጣ ጭምብሉን አውልቆ ላቡን ጠረገ።

«ሰው መሆን እንዴት ይሞቃል ባክህ! ቀኑን ሙሉ ሳቅ ይሉሃል።»

«ብርቄንስ አላየህም?»

«ጭምብል የላትም ነበር፤ ግን ትስቅ ነበር። ፓሪስ ሄደች።»

በአንድ እርምጃ ፓሪስ ገባሁ። እዚያ የማስፈራሪያ ቤት አለ። ብርቄ ነግራኝ ነበር፤ እኛ አገር ሰው ከክፉ መንፈስ ሊያመልጥ ጠበል ይሄዳል፣ እነሱ ሊፈሩ ይሰለፋሉ ብላ ስቃለች። በሕልሜ የተሰለፉት ግን መናፍስቱ ራሳቸው ናቸው። አጽም፣ ጥርሱ የሾለ ጭራቅ፣ ከፈን የለበሰች ሙት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው እየተንቀጠቀጡ ይገባሉ። ጭራቁ እያለከለከ ወጥቶ ሣሩ ላይ ተዘረረ።

«ምን አየህ ወንድሜ?»

«አይጠይቁኝ! አንዲት ክፍል ናት። መስኮት የላትም። ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ጎን ፍራሽ ተነጥፏል። በሩ... በሩ የሚቆለፈው ከውጭ ነው!»

አጽሙ ይህን ሲሰማ ሰልፉን ጥሎ ፈረጠጠ፤ አጥንቱ መንገድ ላይ ተንጠባጠበ።

እኔ ክፍሏን ዐወቅኋት። ብርቄ በላከችልኝ ድምፅ ሁሉ ከበስተኋላዋ የማሽኑ ሆድ ሲጮኽ እሰማ ነበር። «ክፍሌ ይሞቃል፣ አታስብ አባዬ» ትለኛለች። እኔም አላስብም እላታለሁ። እንዲህ ስንዋሻሽ ስድስት ዓመት። ገባሁ። ፍራሹ ላይ ሰማያዊ ሻሿ ብቻ ቀርቷል። ሳነሣው ረዘመ። እየጠቀለልኩ ተከተልኩት፤ ባሕር ተሻገርኩ፤ ጫፉ ላይ ስደርስ ትልቁ መንኮራኩር ቆሟል። ነፋስ የገለበጠው ጃንጥላ ይመስላል።

ከሥሩ የብርቄ አሠሪ፣ ማዳም ቆማለች። በፎቶ ዐውቃታለሁ። ሰባት ሻንጣ አንጠልጥላለች፤ ዝናቡ አፍንጫዋ ላይ ይንጠባጠባል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ውረጂ ይበሏት። ክንዴ ዛለ።»

«ስንት ጊዜ ቆምሽ?»

«አንድ ዙር ሙሉ።»

«ልጄ ስድስት ዓመት ቆማለች።»

«ስድስት ዓመት ስንት ዙር ይሆናል?» አለችኝ። የምሯን ነው የጠየቀችኝ።

ቀና ብዬ «ብርቄ!» ልል ስል ያቺው አህያ ከአጠገቤ ብቅ አለች።

«ሱባኤ ላይ አይደሉም እንዴ? ዝም ያለ ያያል፤ የተናገረ ያጣል።»

አፌን ያዝኩ። መንኮራኩሩ ዞረ። በመጀመሪያው ሣጥን የሚሳሳቁ ሻንጣዎች ወረዱ። በሁለተኛው የእንጨት ፈረስ። በሦስተኛው እሷ ነበረች። መስተዋቱን ጉም ሸፍኖታል፤ ከውስጥ የተለጠፈ መዳፍ ብቻ ይታየኛል። ሻካራ መዳፍ። ፊቷ ከጉሙ ኋላ ነው። ኳ፣ ኳ አደረገች።

ልከፍትላት እጄን ሰነዘርኩ። አህያዋ አየችኝ። አራት ቀን ብቻ ቀረኝ አልኩ በልቤ፤ እስከዛሬ ታግሼ አሁን ላፍርሰው? ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ታገሺ አልኳት በምልክት። እንደገና አንኳኳች፤ ቀስ ብላ፣ ሰው መረበሽ እንደሚፈራ ሰው። ከዚያ መንኮራኩሩ እያጓራ ይዟት ተነሣ። ድምፁ ጨመረ፣ ጨመረ፣ ሰማዩ ቆርቆሮ ሆኖ ተንቀጠቀጠ፣

ነቃሁ። አውሮፕላን በጣሪያዬ ላይ እያለፈ ነው።

በሬን ከፍቼ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ግቢ የምንጋራው ጎረቤቴ ስንቅነሽ ልብስ ታሰጣለች።

«አረፉ ጋሽ ደርበው? ቅድም ሁለቴ አንኳኩቼ ነበር። ዝም ሲሉኝ ጸሎት ላይ ናቸው፣ ሱባኤ የያዘን ሰው አልረብሽም ብዬ ተመለስኩ።»

«ምነው፣ ምን ነበር?»

«ብርቄ ናት። ስትደውል እጄ ሳሙና ውስጥ ነበር፣ አመለጠኝ። የእርስዎ ዝግ ሲሆንባት በእኔ ስልክ ድምፅ ልካለች፣ ሦስት ጊዜ። የአባትና የልጅ ወሬ ነው ብዬ አልከፈትኩትም።»

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን አቀበለችኝ። ተጫንኩት።

«እትዬ ስንቅነሽ፣ አባዬን ይጥሩልኝ! አዲስ አበባ ነኝ! አውሮፕላን ልንቀይር ሦስት ሰዓት እንቆያለን። ማዳም ፓስፖርቴን ሰጥታኛለች፤ አባትሽ ከመጣ ውጪና ዐሥር ደቂቃ እዪው ብላኛለች። ቶሎ በል ይበሉት!»

ከቤቴ እስከዚያ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሁለተኛውን ተጫንኩ።

«አባዬ፣ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ዝናብ ነው። ጃንጥላ የያዘ ሰው በመጣ ቁጥር አንተ እየመሰልከኝ እሮጣለሁ።» ሳቀች። «ሰው ሁሉ የተሰበረ ጃንጥላ ነው የያዘው። አንተማ እንዲህ አትይዝም።»

ሦስተኛው አጭር ነው። ከኋላዋ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል።

«እየጠሩን ነው አባዬ። ምንም አይደለም። ስንነሣ በሰፈራችን ላይ እናልፋለን አሉ። ድምፁን ስትሰማ ወጥተህ ቀና በል።»

ቀና አልኩ። ደመናው ተመልሶ ገጥሟል።

ስንቅነሽ እርጥቡን አንሶላ እንደ ታቀፈች አጠገቤ ቆማ ነበር። ልታጽናናኝ መሰለኝ፣

«ጸሎትዎ እኮ ደርሶ ነበር፣ ጋሽ ደርበው» አለችኝ።