በሰው ዕቃ ያማረ ኩሽና

ዛሬ የደረሰብኝን ሰምታችሁ ካልሳቃችሁብኝ አንፎሎው አድርጉኝ። የምሬን ነው።

ትናንት የለጠፍኩትን ቪዲዮ ያያችሁት ታውቃላችሁ። «ኩሽናዬን ምንም ሳልገዛ እንዴት እንዳሳመርኩ» ያልኩበት። እጄን እንደ ማስታወቂያ ሠራተኛ እያወዛወዝኩ መደርደሪያዬን ያሳየሁበት። አዎ፣ እሱ!

አጥፍቼዋለሁ፣ አትፈልጉት።

ግን ከመጀመሪያው ልነሳ፣ አለበለዚያ «ሌባ ናት» ትሉኛላችሁ። (ብትሉም አልፈርድባችሁም።)

ሚዛን ከተማ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። እዚህ እርጥበቱ በር ዘግታችሁበትም ይገባል። ጨው በፌስታል ካስቀመጣችሁት ውሃ ይሆናል። ሽሮው ይጓጉላል፣ በርበሬው ይሻግታል፣ ስኳሩን ጉንዳን ይወርሰዋል። እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ጥሩ ክዳን ያለው ዕቃ መፈለጌ የቅንጦት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ።

እሺ፣ ትንሽ ቅንጦትም ነበረበት።

ከወለድኩ ወዲህ ቀኑን የምገፋው ስልክ ይዤ ነው። ልጄ ይጠባል፣ እኔ የሰው ኩሽና አያለሁ። ዕቃው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ብርጭቆ፣ ክዳኑ ቀርከሃ፣ በላዩ ላይ ስሙ የተለጠፈበት። ምስር እንኳን እንደዚያ ሲቀመጥ ሀብታም ይመስላል!

ገበያ ወጣሁ። ባለሱቁ የብርጭቆዎቹን ዋጋ ሲነግረኝ ያነሳሁትን ክዳን ሕፃን እንደማስተኛ ቀስ ብዬ ወደ ቦታው መለስኩት። ርካሾቹን አሳየኝ። የአንዱ ክዳን እዚያው ሱቁ ውስጥ አልገጥምም አለ። አበባ የተሳለበትን ሌላውን ሳሻሸው አበባው ጣቴ ላይ ቀረ። ባለሱቁም እኔም አበባውን አየነው፣ ከዚያ ደህና ዋል ብዬው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ እየተከዝኩ ሳለ ዓይኔ የኩሽናው ጥግ ላይ አረፈ።

የታጠበ ዕቃ። ክምር!

የማን ነው አትሉም?

ስወልድ እናቴ ታማ ነበር፣ መምጣት አልቻለችም። ባሌ የሚሠራው ቴፒ ነው፣ ቅዳሜ መጥቶ እሁድ ይመለሳል። ለአገሩ እንግዳ ነን፣ ዘመድ የለንም። «ማን ያርሰኛል?» ብዬ ሳለቅስ፣ ጎረቤቶቼ ሳልጠራቸው መጡ።

እማማ ዘይነባ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ የጅማ ሴት ናቸው። አጥሚቱን የሚያመጡልኝ በዚያ ውብ ዕቃቸው ነበር። ትንሹ ትልቁ ውስጥ የሚገባ፣ አራቱም ጎኑ ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ፣ ውስጡ የሚታይ። ዛሬ በትልቁ፣ ነገ በመካከለኛው። አከራዬ እትዬ አበበች ገንፎውን ይዘው ይመጣሉ፣ ቅቤውን ለብቻው በብርጭቆ ዕቃ አድርገው። በራችን ላይ ፀጉር ቤት ያላት የሸኮ አገር ልጅ ጥሩነሽ ደግሞ አባቷ የቆረጠውን ማር በነጭ ባለክዳን ባልዲ አመጣችልኝ።

ሁሉንም ጣቴን እየላስኩ በላሁ። ዕቃው ግን ቀረ።

እስቲ ፍረዱኝ፣ የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል? ነውር አይደለም? አንድ ነገር ጣል ማድረግ አለብኝ። «ትንሽ ልጠንክርና ዳቦ ደፍቼ እመልሳለሁ» አልኩ። ጠነከርኩ። ዳቦውን ደፋሁ። ዳቦው አልነሳም አለ። «በቃ ለክርስትናው» አልኩ። የክርስትናው ዕለት ደግሞ ሥራውን ሁሉ የሠሩት እነሱ ራሳቸው ናቸው!

ክፋቱ፣ ዕቃው በቆየ ቁጥር የሚሞላበትም ነገር መክበድ አለበት። ቶሎ ብመልስ ኖሮ ዳቦ ይበቃ ነበር። ልጁ ጥርስ ሊያወጣ ሲደርስ በምን ፊቴ ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ? ቢያንስ በግ ነው!

እናም ለጊዜው ብዬ ሽሮዬን ገለበጥኩበት።

ለጊዜው!

ቀጥሎ ስኳሩን፣ ምስሩን፣ ሩዙን፣ ዱቄቱን። ባልዲው በሶ ያዘ፣ የቅቤው ዕቃ ኮረሪማ። ስማቸውን ፕሪንት አስደርጌ በጥሩ ማጣበቂያ ለጠፍኩ። ማማሩን ብታዩት! ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝና ቪዲዮ ቀረፅኩ። የእማማ ዘይነባን ዕቃ ገልብጬ ጥራቱን ሳሳይ ሥሩ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም የተጻፈ «ዘ» አብሮ ወጣ። ሰርግ ቤት እንዳይጠፋባቸው ያደረጉት ምልክት ነው። አንዷ ተከታታዬ «ዘ ምንድነው?» ብላ ኮሜንት ጻፈች።

ምን ብዬ ብመልስላት ጥሩ ነው?

«ብራንዱ ነው።»

ዛሬ ጠዋት ቧንቧው ጋ የልጄን ጨርቅ አጥባለሁ። እትዬ አበበች ጄሪካን ይሞላሉ። እማማ ዘይነባ በአጥሩ በር ገቡ። እሁድ የልጃቸው ሰርግ ነው። ዱቄቱንም ስኳሩንም በፌስታል አስቀምጠው ስኳሩ ጉንዳን ገብቶበታል፣ ዱቄቱም እርጥበት እየሳበ ነው። እትዬ አበበች ክዳን ያለው ዕቃ እንዲያውሷቸው ነው የመጡት። እትዬ አበበችም የነበራቸው ዕቃ እጃቸው ላይ እንደሌለ ተናገሩ። ወደ እኔ አላዩም። ሆን ብለው አለማየታቸው ገባኝ።

ልብሱን አንገቴን ደፍቼ አሸሁት። ንጹሑን ጨርቅ ደግሜ አጠብኩት።

በዚህ መሃል ጥሩነሽ ስልኳን ከፍ አድርጋ ከፀጉር ቤቷ እየሮጠች መጣች። ደስ ብሏታል፣ ጎረቤቷ ታዋቂ ሆናለች! ድምፁ መጨረሻ ላይ ነው። የገዛ ድምፄ ግቢውን ሞላው። «ውዶቼ፣ ባለክዳን ዕቃ ለመግዛት አትጨነቁ! ዞር ብላችሁ እዩ፣ ቤታችሁ ውስጥ አለ!»

እትዬ አበበች ቧንቧውን ዘጉት።

ጥሩነሽ የሆነውን ገና አላወቀችም፣ ኮሜንቱን ማንበብ ቀጠለች። «ዘ ምንድነው» ያለውንም፣ «ብራንዱ ነው» ያልኩትንም። ከዚያ ቪዲዮው ውስጥ የራሷን ነጭ ባልዲ አየችውና ድምፁን ቀነሰችው።

እማማ ዘይነባ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው «ጥሩ አድርገሽ ደርድረሻቸዋል፣ ልጄ» አሉኝና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሽሙጥ የለበትም። ቁጣ የለበትም። ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ!

ለምን አንድ ቀን እንኳን እንዳልጠየቁኝ እትዬ አበበችን ጠየቅኳቸው።

«አራስ ቤት ሄዶ ዕቃዬን አምጪ ማለት፣ ያበላሁሽን መልሺ ማለት አይደል እንዴ?» አሉኝ። «ማን አፉን ሞልቶ ይላል?»

ይታያችሁ! እኔ ባዶ መመለስ አፍሬ፣ እነሱ መጠየቅ አፍረው። በመሃል የሰርግ ስኳር ጉንዳን በላው።

ቤት ገብቼ ሽሮውን ወደ ፌስታል ልገለብጥ ክዳኑን ከፈትኩ። ባዶ ካደረግሁት በኋላ በምን እሞላዋለሁ? ዳቦ አይነሳልኝም፣ በግ የለኝም። ክዳኑን እንደያዝኩ ብዙ ቆምኩ።

ከዚያ ነው የበራልኝ። ዕቃው እኮ ሙሉ ነው!

ልጄን አዘልኩ። ስኳሩን፣ ዱቄቱን፣ ሩዙን፣ ምስሩን፣ ሽሮውን እንዳሉ ደራርቤ ታቀፍኩ። ስሞቹን ልልጥ ብል አልላቀቅ አሉ፣ ጥሩ ማጣበቂያ ነው የገዛሁት። እንደዚያው ማስታወቂያዬን ለጥፌ አጥሩን ዞርኩ።

እማማ ዘይነባ በራቸው ላይ ጉንዳን ከስኳር ይለቅማሉ። ዕቃዎቹን ፊታቸው ደረደርኩ።

«ባዶ መመለስ አፍሬ ነው የቆየሁት» አልኳቸው።

አንዱን ከፈቱ። ሌላውን ከፈቱ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፣ ለካ ሳቅ ነው። በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ወላሂ እኔም መጠየቅ አፍሬ ነው» አሉ። «ለዕቃው መስሎሻል? ልጅቷ ዕቃውን ያዘችው፣ እግሯም ከቤቴ ቀረ፣ ምን አስቀየምኳት እያልኩ ነው የከረምኩት።»

እዚያ ላይ አለቀስኩ። እውነታቸውን ነው። ዕቃውን እየፈራሁ ደጃቸውን መርገጥ ትቼ ነበር። እናቴ በሌለችበት እናት የሆኑኝን ሴት በፕላስቲክ ዕቃ የተነሳ ስሸሽ መክረሜ ነው! ልጄን ከጀርባዬ ወስደው አቀፉትና ስኳሩ ላይ እንዳላለቅስ፣ እርጥበት እንደማይወድ ነገሩኝ።

ከዚያ ባልዲውን ከነበሶው ለጥሩነሽ፣ የብርጭቆውን ዕቃ ከነኮረሪማው ለእትዬ አበበች። በሶውን ጥሩነሽ እዚያው ማንኪያ ይዛ ጀመረችው።

ባሌ ከቴፒ ደውሎ «ኩሽናው እንዴት ሆነ?» አለኝ። ቪዲዮውን ወዶት ነበር፣ የባልደረቦቹን ሚስቶች ሁሉ አሳይቷል።

«በጣም ሰፍቷል» አልኩት። «ስትመጣ ሽሮ ይዘህ ና።»

ቤት ውስጥ የቀረው ጨው ብቻ ነበር። እሱም ግማሹ ውሃ ሆኗል። ምሳዬን እማማ ዘይነባ ቤት በላሁ፣ የሰርጉን ምስር ስለቅም ዋልኩ። ምን ልበላችሁ፣ ከወለድኩ ወዲህ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። እኔን ግን አድምቆኝ ነው የከረመው፣ ምን ላድርግ? የዚህ ግቢ ሰዎች ባይኖሩ እኔም ልጄም በምን እንደምንቆም አላውቅም። አመሰግናለሁ ማለት ስለማልችልበት ቪዲዮ ሠራሁባቸው። እንግዲህ እዚሁ ይመዝገብልኝ፦ አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ጥሩ ነበር።

አመሻሹ ላይ በሩ ተንኳኳ። እማማ ዘይነባ ለእኔ ብለው ሥጋ ያልነካው ሩዝ ለብቻ ሠርተው ልከዋል። ጥሩነሽ የተቀቀለ ጎደሬ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር ይዛ መጣች። እትዬ አበበች «ቤትሽ ባዶ ነው ብለውኝ» ብለው ሽሮ ወጥ አመጡ። ወጡ የብርጭቆው ዕቃ ውስጥ ነው። ጎደሬው ነጩ ባልዲ ውስጥ ነው። ሩዙ፣ ከሁሉ ትልቁ፣ «ሽሮ» የሚል የለጠፍኩበት የእማማ ዘይነባ ዕቃ ውስጥ።

ሁሉንም በላሁት። ዕቃዎቹ አሁን ታጥበው መደርደሪያዬ ላይ ናቸው፣ ያምራሉ።

ባዶ ናቸው።

ነገ ጠዋት የግድ መመለስ አለባቸው። ወገኖቼ፣ ጨው ይሞላል እንዴ?