የአባ ጋደም ዜና፦ መምህር ሴይልኻን አሥር ቀን ስለ መተኛቱ

በዘመነ ሴይልኻን፣ የፊዚክስ መምህር ሆኖ በተሾመ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ የትምህርት ቤታችን ጣራ ለሁለተኛ ጊዜ በነፋስ በተወሰደ በዓመቱ፣ በወርኃ መጋቢት፣ በረዶው ቀልጦ የቆስቁዱቅ መንደር መንገድ እስከ ጉልበት ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ስመ ጥሩው፣ ኃያሉ፣ መነጽሩ በክር የታሰረው፣ የፈረስ ስሙ አባ ጋደም የተባለው ሴይልኻን፣ በመንደራችን ከእርሱ በፊት ማንም ያልደፈረውን ሊደፍር ተነሣ፤ ተነሥቶም አልጋው ላይ ወጥቶ ተኛ።

ይህን ዜና የምጽፍ እኔ የትምህርት ቤቱ ማሞቂያ እሳት አንዳጅ ነኝ። ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን ሚስቱ ነግራኛለች። ከአልጋው እግርጌ ሥር የገቡት ሁለት ጡቦች የእኔ መሆናቸውን ግን ከሁሉ አስቀድሜ እመሰክራለሁ፤ በኋላ የሚያነሳልኝ የለምና።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነበር። ሴይልኻን ለዘጠነኛ ክፍል ሲያስተምር፣ ወደ ሕዋ የሚወጡ ሰዎች ስድስት ወር ክብደት ሳይሰማቸው ተንሳፈው ስለሚከርሙ ጡንቻቸው ይሟሟል፣ አጥንታቸውም ይሳሳል፣ መንኮራኩራቸው በእኛ ሜዳ ሲያርፍም እንደ ሕፃን ታቅፈው ወጥተው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ ብሎ ተናገረ። ክፍሉም ሳቀ። ከኋላ ወንበርም እንዲህ የሚል አዋጅ ወጣ፦ «አባቴ ክረምቱን ሙሉ ሶፋ ላይ ነው የሚያሳልፈው፤ ለምሳ ሲጠራ ግን ከፈረስ ይፈጥናል።»

ወዮ ለሴይልኻን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እውነት ሲናገር ማንም አላመነውም ነበርና። ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም ሲል አላመኑትም፤ ከባዱም ቀላሉም ድንጋይ እኩል ይወድቃል ሲልም አላመኑትም። ያን ቀን ግን የልብስ ሰፊዋ ልጅ ቶግዣን እጇን አውጥታ፣ ተማሪ መምህሩን በሚጠራበት ስም ጠርታ አወጀች፦ «አጋይ፣ እኔ አምናለሁም አላምንምም አልልም። ይለካ።»

ይህን በሰማ ጊዜ ጀግናው ደስ አለው፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ፤ መነጽሩንም ጠረገ። ሊቃውንቱ ሰውን ሁሉ ሕዋ መላክ ስለማይችሉ፣ እግሩን ከራሱ ከፍ አድርገው እያስተኙ ሰውነቱ ሲደክም እንደሚለኩ አስረዳ። ወእምዝ አዋጁን አወጀ፦ «የትምህርት ቤቱ ዕረፍት አሥር ቀን ነው። አሥሩንም ቀን እተኛለሁ። ቶግዣን በየጠዋቱ ባቴን ትለካለች፣ ደብተሩም ለአውራጃው የሳይንስ ውድድር ይሄዳል። አንዴ እንኳ ቁጭ ካልኩ ደብተሩን ቅደዱት። ከዚያ ወዲያም አትመኑኝ።»

ሚስቱ ባልዣንም በሱቁ ደጅ ቆማ የራሷን አዋጅ አሰማች፦ «ጎረቤቶች፣ ባሌ ሕዋ ሄዷል። በጎቹ ሊወልዱ ደርሰዋል፣ ከሰሉ አልቋል፣ እሱ ሕዋ ነው። ሲመለስ ሁለት ሳምንት በረት ይጠርጋል። እሱንም በደብተራችሁ ጻፉት።»

አብረውት የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ ከእናቷ የስፌት መኪና መሳቢያ ሜትር ያነሳች ቶግዣን፣ ሾርባውን በቀጭን ቱቦ የሚያጠጡት መንትያ ተማሪዎች፣ ቁጭ እንዳይል በየተራ የሚጠብቁ ስድስት ተማሪዎች፣ ከሁሉም ቀድማ ደረቱ ላይ የሰፈረች ድመት፣ ጡብ ያቀረብኩ እኔ። ከአልጋው ሥር ስለሚቀመጠው ጎድጓዳ ዕቃ ታሪክ ዝም ትላለች፤ ባልዣን ግን ዝም አላለችም።

በሁለተኛው ቀን ደም ወደ ራሱ ወርዶ ፊቱ አበጠ። ሕዋ የወጡትም ፊታቸው እንዲሁ ያብጣል ተብሏልና ጀግናው መስታወት አስመጥቶ ሲያይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን አንዲት በግ ወለደች፤ እርሱም ከአልጋው ሆኖ ትእዛዝ አስተላለፈ፤ የሰማው ግን አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን ግን መከራ መጣ። ሴይልኻን የዕረፍቱን ቀናት ቆጥሮ ነበር፤ ለምን ዕረፍት እንደሆነ ግን ረስቶ ነበር። ናውሪዝ ነበር፤ ዓመቱ የሚለወጥበት፣ ሽማግሌ ከቤት ቤት እየዞረ ከሰባት ነገር የተቀቀለ ሾርባ የሚቀምስበት፣ ሽማግሌም ሲገባ የተኛ የሚነሣበት፣ የተቀመጠ የሚቆምበት ቀን። በሩም ተከፈተ። የባልዣን አባት፣ የሰባ ስምንት ዓመቱ ዱይሴንባይ፣ ከነካባው ገባ። አልጋው በሩን ይመለከት ነበርና፣ በእኔ ጡቦች ከፍ ብለው የተሰቀሉት የአማቹ ሁለት የእግር መዳፎች አማቱን ፊት ለፊት ተቀበሉት።

ባልዣን ከሀፍረት የተነሳ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። የሴይልኻን ክርን ፍራሹን ተደገፈ፤ ራሱም ሦስት ጣት ያህል ከትራሱ ተነሣ። ያን ጊዜ ባቱን ልትለካ አጠገቡ የነበረችው ቶግዣን ደብተሯን ዘግታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቢነሣ አላየሁም ልትል ነው፤ የአገሯን ወግ ታውቃለችና። እርሱም ይህን አየ። ልጅቱ ስለ እርሱ ክብር ብላ ልትዋሽ መሆኑን አየና፣ ራሱን ወደ ትራሱ መልሶ፣ ሽማግሌ በሚጠራበት ስም ጠርቶ በቀጠነ ድምፅ አወጀ፦ «አታ፣ ልቤ ቆሟል። እግሬ ብቻ ነው ያልቆመው። ቢቆም የዚች ልጅ ድካም ውሸት ይሆናል።»

ሽማግሌው ካባውን ሰብስቦ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያም የሚከተለውን ተናገረ፦ «ይኼ የሆነው ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ሜዳው ላይ ፈረሶች እጠብቅ ነበር። ከሰማይ የወረደ የከሰለ ብረት አገኘሁ፤ ሰዎች ከውስጡ አንዱን አውጥተው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ከፈረሴ ወርጄ ሰላም አልኩት። አልተነሳልኝም። እኔም ሰማይ ድረስ ሄዶ ምግባር ሳይማር የመጣ ሰው አየሁ እያልኩ በየሠርጉ ሳወራ ኖርኩ። አንቺ ልጅ፣ ሰውየው አቅቶት ነበር እንዴ?»

የቶግዣንም ቃል አጭር ነበር፦ «ይመስለኛል አታ። የአጋይ ባት በአምስት ቀን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቀንሷል። የሱ ግን ስድስት ወር ነው።»

«እንግዲያው ይተኛ» አለ ሽማግሌው። «በአሥረኛው ቀን እመጣለሁ። ዘሎ ከተነሳ ግን ያም ባለጌ ነው፣ ይኼም ባለጌ ነው።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የጀግናው ጭንቀት ተገላበጠ። እስከዚያ እንዳይነሣ ይፈራ ነበር፤ አሁን ደህና አድርጎ እንዳይነሣ ፈራ። መንትያዎቹ ሾርባውን ይቀንሱለት ዘንድ ለመነ፤ ቶግዣን ግን ማጭበርበር ነው ብላ ከለከለች፤ እንዲያውም ሥጋ አስጨመረች።

በአሥረኛውም ቀን መንደሩ ሁሉ ጫማውን እያወለቀ ገባ። ባቱ ተለካ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ ሜትር ሟሙቶ ተገኘ። ቁመቱ ተለካ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ረዝሞ ተገኘ፤ ባልዣንም ለሥራ ግን ያው አጭር ነው ብላ አስመዘገበች። ወእምዝ አባ ጋደም እግሩን አወረደና ቆመ።

ቆመ ስል ለወጉ ያህል ነው። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ፣ አማቱ ካባ ላይ ተደፋ። ዱይሴንባይም በሁለት ክንዱ ይዞት፣ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ሳቀ። «አቅቶታል» አለ። «አያችሁ፣ አቅቶት ነበር።»

ያን ጊዜ ከቆቡ ውስጥ ጥቁርና ነጭ የተገመደ ክር አወጣ፤ ሕፃን መሄድ ሲጀምር እግሩ የሚታሰርበትን፣ ተቆርጦም የመጀመሪያ እርምጃው የሚመረቅበትን ክር። እንግዲህ ከቤቱ ሲወጣ ይዞት ወጥቷል፤ ሳያይ አምኖ ነበር ማለት ነው። የአርባ ሦስት ዓመቱን መምህር ቁርጭምጭሚት አሰረ፣ ክሩን በቢላ ቆረጠ። ሴይልኻንም ቶግዣንን ተደግፎ አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት እርምጃ ተራምዶ ደጅ ወጣ። ሽማግሌው ተከትሎት ወጥቶ ቆቡን አወለቀና ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የመጨረሻውን አዋጅ አወጀ፦ «አንተ ሰውዬ፣ የትም ብትሆን። ሠላሳ ሁለት ዓመት አማሁህ። አላወቅኩም ነበር፣ ይቅር በለኝ። ከእንግዲህ በየሠርጉ አስተባብላለሁ።»

ደብተሩ በአውራጃው ሦስተኛ ወጣ፤ ስንት እንደተወዳደሩ ጸሐፊው አይናገርም። ትምህርት በተከፈተ ዕለትም ሴይልኻን በሕዋ የሻማ ነበልባል እንደ ኳስ ይድቦለቦላል ሲል አንድም ሰው አልሳቀም። ያ የሶፋው ባለ አዋጅ ልጅ እንኳ እጁን አውጥቶ «ይለካ» አለ።

እንግዲህ ምስጋና ይድረሰው፣ ሕዋ ሳይወጣ ከሕዋ ለተመለሰው፣ በሁለቱ ጡቦቼ ላይ ለከበረው፣ ጡቦቹንም እስከ ዛሬ ላልመለሰልኝ፣ በረቱን በተባለው መሠረት ሁለት ሳምንት ለጠረገው፣ ስሙን እንኳ የማናውቀውን እንግዳ ከሠርግ ቤት ሐሜት ነጻ ላወጣው ለአባ ጋደም ሴይልኻን፣ ዘመኑ ይርዘም፤ ባቱም ይመለስለት።