ክፍት የሚተው ቧንቧ

ስልኬ ላይ አንድ መካሪ «ትንሽ የቤት ውስጥ ልማድ ሕይወት ይለውጣል» ይለኛል። ድንቄም ግኝት! እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውሃ ሲጠፋ ቧንቧውን ከፍታ፣ ሥሩ የቆርቆሮ ሳፋ የምትደቅነው ባለቤቴ ነበረች። ጠብታው ሳፋውን ማንኳኳት ሲጀምር «ውሃ መጣ!» ብላ ትጮህ ነበር። ይሄኔ ብሎኩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ ይሯሯጣል። እስቲ የትኛው ሹም እንዲህ ይታዘዛል?

እናቷን ልታስታምም ወራቤ ከሄደች ወዲህ ቧንቧውን የምከፍተው እኔ ነኝ። ትናንት ውሃው መጣ። አጠገቡ ቁጭ እንዳልኩ ሳፋው ሞልቶ ፈሰሰ። ከታች የሚኖሩት እትዬ አልማዝ ጣሪያቸው ሲያንጠባጥብባቸው እየሮጡ መጡ።

«ምነው ልጄ፣ አልሰማህም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ እትዬ። እሷ እስክትጮህ እየጠበቅኩ ነው።»