«ደህና ነው» የሚለው ወረቀት

ትናንት ማታ ሽሮው በርበሬ በዝቶበት ነው መሰለኝ እንዲህ ያለ ሕልም አየሁ።

በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ባይ ከደጃፌ እስከ አስፋልቱ ድረስ የቢሮ ሠራተኞች ተሰልፈዋል። ሁሉም ፋይል በብብታቸው ሸጉጠዋል፤ አንዳንዶቹ ብርድ ልብስ ለብሰው እዚያው ያደሩ ይመስላሉ። እኛ ቢሮ ስንሄድ ተራ እንዲይዝልን ድንጋይ አስቀምጠን ዞር እንደምንለው፣ እዚህ ደግሞ ድንጋዮቹ ሰዎቹን አስቀምጠው ሻይ ሊጠጡ ሄደዋል። ከሁሉም ፊት የቆመው አቶ ልሳነወርቅ ነበር።

አቶ ልሳነወርቅን በውኔም አውቀዋለሁ፤ የድጋፍ ቢሮው መዝገብ ጸሐፊ ነው። ልጄ ዮፍታሔ በሃያ ሁለት ዓመቱ ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ ስድስት ዓመት ሆነው። እግሮቹ አይታዘዙትም። ባለፈው በጋ የአካል ጉዳት ድጋፍ ልንጠይቅ ስንቀርብ አቶ ልሳነወርቅ ቀና አለና፣ «እናቴ፣ ልጅዎ እንዴት ነው?» አለኝ። እኔም ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ እንደምለው፣ «ደህና ነው፣ ተመስገን!» አልኩ። ጻፈው። ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። «ልጁ ደህና መሆኑ በወላጅ እናቱ ቃል ስለተረጋገጠ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል» ይላል። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ የሰማውን የሚጽፍ ሰው ነው። ጉድ የሠራኝ የገዛ አፌ ነው።

ይግባኝ ብለን ቦርድ ፊት እንድንቀርብ የተቀጠርነው ለዛሬ ነበር። ዮፍታሔ ሳምንቱን ሙሉ ሲያለማምደኝ ሰነበተ።

«እማ፣ ልጅሽ እንዴት ነው ሲሉሽ ምን ትያለሽ?»

«ደህና...»

«ኧረ በፈጠረሽ! ደህና አይደለም በይ! ሁለት ቃል ናት!»

ሁለት ቃል መሆኗን አላጣሁትም። ግን እንዴት ብዬ በልጄ ላይ ክፉ ቃል ላውጣ? ምላሴ እምቢ ይለኛል። በሌላ በኩል ደግሞ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ነገ ዓይኔን ብጨፍን ልጄ የሰው እጅ እንዳያይ፣ በስሙ የሚገባለት ነገር ኖሮት ባየሁ እላለሁ። ሌላ ምኞት የለኝም። ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

እና አቶ ልሳነወርቅ ደጄ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ።

«እመቤቴ፣ ማመልከቻ ይዤ ነበር» አለኝ።

«የምን ማመልከቻ?»

«ድጋፍ እንድንሰጥዎ እንዲፈቅዱልን።»

«ጉርድ ፎቶግራፍ ስንት አለህ?»

«ሁለት።»

«ሦስት ነው የሚያስፈልገው። ደግሞ ግራ ጆሮህ አይታይም። ነገ ተመለስ።»

እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከኋላው የነበሩትንም ሦስቱን መለስኳቸው። አንዷን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አልኳት። ኃላፊው ድመቴ ነበር፤ ወንበር ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ልጅቷም አጎንብሳ አየችውና፣ «መቼ ይጨርሳሉ?» ብላ በትሕትና ጠየቀችኝ።

እውነተኛው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ባለፈው ዮፍታሔን ከነወንበሩ አራት ጎረምሶች ተሸክመው ሲያወጡት፣ እሱ ደረጃ በደረጃ ይቅርታ ሲጠይቃቸው ነበር። በሕልሜ ግን ሦስተኛው ፎቅ ራሱ ወርዶ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብሏል። ያለከልካል።

«ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ደረጃው አስቸገረኝ» አለኝ ፎቁ።

ውኃ በጣሳ ሰጠሁት። ዮፍታሔ ነጭ ጋዎን ለብሶ የወንበሩን ጎማ እያሽከረከረ ገባና የሰብሳቢውን ቦታ ያዘ። በቀኙ መነጽር ያደረገች ነጭ ፍየል ተቀምጣለች፤ ማኅተሙ በገመድ አንገቷ ላይ ታስሯል። የቦርዱ ጸሐፊ ናት አሉኝ። የሚጸድቀውን ወረቀት ትበላዋለች፣ የማይጸድቀውን ትተፋዋለች።

«ተረኛ!» አለች ፍየሏ።

አቶ ልሳነወርቅ በሁለት እግሩ እየተራመደ ገባ። ያየው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠለት።

«ምን ሆነህ ነው?» አለው ልጄ።

«እራመዳለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓመት ከሞላኝ ጀምሮ።»

«መቀመጥ ሞክረሃል?»

«ሞክሬ ነበር፤ ትንሽ ስቆይ ይነሣብኛል።»

«ይሻልሃል ወይስ ይብስብሃል?»

«እንጃ፤ ታክሲ ሲያመልጠኝ እሮጣለሁ» አለና እንባው መጣ።

ፍየሏ ጢሟን አሻሸች። «ጉዳዩ ከባድ ነው። ቢሆንም በሱ ቃል ብቻ አንወስንም። እናቱ ይጠሩ» አለች።

እናቱ ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ወጡ። እማማ አስካለ የሚባሉ አጭር አሮጊት ናቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና ቦርዱን ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

«እናቴ፣ ልጅዎ እንዴት ነው?» አላቸው የኔ ልጅ።

አቶ ልሳነወርቅ በዓይኑ ይለምናቸዋል። ድምፅ ሳያወጣ በከንፈሩ ብቻ «ደህና አይደለም በይ፣ እማ» ይላቸዋል። እማማ አስካለ ዞረው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ኮሌታው ተጣምሞ ነበርና አቃኑለት። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ደህና ነው፣ ተመስገን!» አሉ።

ፍየሏ እስክሪብቶ አነሣች።

ይኸኔ ልስቅበት ይገባኝ ነበር። ያገኘው የሰጠኝን ነው። ነገር ግን አሮጊቷን ሳይ አልሆነልኝም። ምን እንዳስነሣኝ አላውቅም፣ ብድግ ብዬ ጮህኩ።

«እንዳትጽፊ! አመሰገኑ እንጂ መቼ መሰከሩ! ደህና ነው ያሉት ለፈጣሪ ነው፣ ለእናንተ አይደለም! ማን ነው የሚያጥበው? ማን ነው ጎኑ እንዳይቆስል የሚያገላብጠው? ስድስት ዓመት ሙሉ ደህና የሆነው በእናቱ ወገብ ነው! እሱን ጻፊ!»

የማንን ልጅ እንደምናገር ለራሴም ተምታታብኝ። እማማ አስካለ እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው እንደኔው ሻካራ ነበር። አቶ ልሳነወርቅ አንገቱን ደፋ።

ፍየሏ መነጽሯን ወለወለችና ከፋይሉ ውስጥ አንድ ወረቀት መዘዘች። የኔው ነበር፣ ያ «ደህና ነው» የሚለው። አሸተተችው። አፏ ውስጥ ከተተችው። አኘከች፣ አኘከች፣ እኔም ትተፋው ይሆን እያልኩ ጉሮሮዋን አያለሁ። ዋጠችው። ዮፍታሔ ማኅተሙን ከአንገቷ ፈትቶ ጠረጴዛውን ዷ! አደረገው። እማማ አስካለ እልል አሉ። ድንጋዮቹም ሻያቸውን ጨርሰው ኖሮ መጥተው አጨበጨቡ። ሦስተኛው ፎቅ ከደስታው ብዛት አንድ ፎቅ ሊጨምር ሲነሣ ዮፍታሔ፣ «ተው! ቁጭ በል!» ብሎ ተቆጣው። እንዲህ ደስ ብሎኝ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም።

ዷ! ዷ! ዷ!

ነቃሁ። ዮፍታሔ ከወዲያ ክፍል ግድግዳውን በመዳፉ እየደበደበ ነው። ነግቷል።

«እማ! ምን ሆነሽ ነው? እየሳቅሽ ፍየል ትያለሽ!»

አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ጎኑን ይዞ ሳቀ። በኋላ ግን ኮስተር አለ።

«ፍየሏን ያልሻትን ድገሚልኝ እስቲ።»

«አመሰገኑ እንጂ መቼ መሰከሩ፣ ነው ያልኳት።»

«በቃ! ለቦርዱም እንዲሁ ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ደህና አይደለም ማለትም አያስፈልግሽም» አለና እንዳልረሳው በወረቀት ጻፈልኝ። ወረቀቱን መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩት። ነጭ ሸሚዙን አለበስኩት፣ ፀጉሩን አበጠረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠሮ ቀን ልቤ ቀለል አለኝ።

ስልኬ ጮኸ። አቶ ልሳነወርቅ ነው፣ ስሙን ሳይ ፍየሏ ትዝ አለችኝ። አራት ሰዓት ላይ እንዳንቀር ሊያሳስበን ነው የደወለው። አፌን ገና ስከፍት ዮፍታሔ አላመነኝምና ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«አቤት፣ ዮፍታሔ ነኝ፤ እሷን ምንም አይጠይቋት፣ እኔው ልናገር።»

«ኦ፣ ዮፍታሔ! እንዴት ነህ ወንድሜ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን!» አለ ልጄ።

ተያየን። በስልኩ ውስጥ እስክሪብቶ ጫር ጫር ሲያደርግ ተሰማን።