ፎቶ ዳር የሚቆም ሰው ጠፋ

ኑ፣ ጠጋ በሉ፤ በሩ ላይ አትቁሙ፣ ነፋስ ታስገባላችሁ። ክረምቱ ጓዙን እየሸከፈ ነው፤ የፍልሰታ ጾም ተፈቷል፣ አሸንዳም አልፎ የመቐለ ልጃገረዶች ከበሯቸውን ሰቅለዋል። እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ የማወራላችሁን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ፍረወይኒ ናት። ወሬው የራሷ ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ላይ ብዕሯ ቀስ ይላል። አይቻታለሁ። ጻፊ አንቺ።

ሰውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ፎቶ አንሡት። “እኔ ዳር ይበቃኛል” እያለ በክርኑ ሰው እየገፋ መኻል የሚገባ አለ። “እኔን ተዉኝ” ብሎ ሲተዉት የሚያኮርፍ አለ። የባሏን ዘመዶች ወደ ጫፍ ጫፍ ያሰለፈች ሙሽራም አውቃለሁ፤ ስሟን አልጠራም፣ ዛሬ አያት ሆናለች።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረው። እሱ ሲያልፍ ክፍሏ ተዘጋች፣ ካሜራውም ሣጥን ገባ። ካሜራው እንደ ዛሬዎቹ አይደለም፤ ሁለት ዓይን ያለው፣ ጎንበስ ብለው እንደ ጉድጓድ ከላይ ወደ ታች የሚያዩበት ነው። ፊልሙም ሰፊ ነው፤ ጥቁር ወረቀት ለብሶ እንደ መቀነት ይጠቀለላል። አንዱ ጥቅል ዐሥራ ሁለት ፎቶ ያነሣል፣ በቃ። በስልኩ አንድ ሰሃን ምግብ ስንት ጊዜ በሚያነሣ ሰው መኻል እየኖረች፣ ፍረወይኒ ይህን ካሜራ ከሣጥን አውጥታ ወደደችው። ፎቶ ታነሣለች፣ ፊልሙንም ጨለማ ዕቃ ቤታችን ውስጥ ራሷ ታጥባለች።

አባቷ ሃይለ የእኔ የበኩር ልጅ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ቤት ውስጥም ማኅተም የያዘ ይመስለዋል። የአባቱን ክፍል አንድ ሞባይል ጠጋኝ ሊከራያት ሲጠይቀው ፍረወይኒ “ፎቶ ቤቱን እኔ እከፍተዋለሁ” ብላ አለቀሰች። ሃይለም አሰበና፣ “እስከ አሸንዳ ንጹሕ ፎቶ ካሳየሽኝ ክፍሉ ያንቺ ነው። ካልሆነ ቁልፉን ለሞባይል ጠጋኙ እሰጣለሁ” አላት። ሃይለ ካለ አለ ነው። በጾምም እንዲሁ ነው፤ “እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልቀምስም፣ የዘንድሮ ወጣት ግን ጾሙን ቀልድ አደረገው” እያለ ሲሰብከን ይውላል።

ከፋሲካ በኋላ የልጅቷ ፎቶ የጠራ ነበር። ሃምሳው ቀን አልፎ ሰኔ ሲጋመስ ግን ጉድ መጣ። ፊልሙ ታጥቦ ሲሰቀል፣ ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ ጥላ የመሰለ ጥቁረት። ደግሞ ሁሌም አይደለም፤ አንዱ ጥቅል ንጹሕ፣ ሌላው ጠርዙ የጠቆረ። ካሜራው ያው፣ ልጅቷ ያቺው፣ ዕቃ ቤቱም ያው።

የባለቤቴ እህት አልጋነሽ ያን ሰሞን ከጎረቤቶቿ ጋር ስትነሣ ዳር ቆማ ኖሯል። ፍረወይኒ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ስታሳያት ጥላው ልክ እሷ ላይ ወርዷል። “ዋይ አነ፣ ምን መጣብኝ” ብላ ጸበል ቤት ሄደች፤ በመንገዷም ላገኘችው ሁሉ ነገረች። ግን ፊልም ላይ የጠቆረው ወረቀት ላይ ሲወጣ ይነጣል። ፎቶው ሲታተም አልጋነሽ ግማሽ ፊቷ በነጭ ጭጋግ ተሸፍኖ፣ ብርሃን የወረደባት መነኩሲት መስላ ቁጭ። “ይኼማ ጸጋ ነው” ብላ ፎቶውን ይዛው ሄደች። ሰፈሩ ግን የያዘው የመጀመሪያውን ወሬ ነው። ፎቶ ዳር የሚቆም ሰው ጠፋ።

ፍረወይኒ ያልሞከረችው የለም። የካሜራውን መጋጠሚያ ሁሉ ባላት ጥቁር ፕላስተር በሙሉ ስታሽገው እግሩ የተሰበረ ሰው መሰለ። የዕቃ ቤቱን በር ሥር በብርድ ልብስ ደፈነችው። ከሰሜን ክፍለ ከተማ አንድ ሰዓት ሠሪ አምጥታ አስፈተሸችው፤ ሰውየው ከፈተ፣ ዘጋ፣ “ከእኔ ይልቅ እሱ ጤነኛ ነው” ብሎ ሄደ። በስልኳ የውጭ አገር ሰዎችን ጠየቀች፤ አንዱ ሌንሱ ነው፣ አንዱ የማጠቢያው መድኃኒት ነው፣ አንዱ ሙቀቱ ነው አላት። እኔም በበኩሌ ለእመቤታችን ሻማ ተሳልኩ። ሁላችንም የምናውቀውን አደረግን።

ፍልሰታ ሲገባ ጥላውም አብሮ ጠቅልሎ ገባ። ከእንግዲህ የሚተርፍ ጥቅል የለም፤ ሁሉም ጠርዙ ይጠቁራል። ልጅቷ ከሳች፤ ሰው በጾሙ ነው አለ። ሃይለ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ይገባል፣ ይወጣል። በበዓሉ ዋዜማ አንዲት ጥቅል ብቻ ቀረቻት። በዚያች ሰፈሩን ስታነሣ አርፍዳ፣ መጨረሻዋን ለእኛ አድርጋ ግቢው ውስጥ አሰለፈችን። ሃይለም በሻይ ሰዓት ከቢሮ ብቅ ብሎ ነበር።

“እኔ መኻል ነኝ” አለች አልጋነሽ።

“ጸጋ ነው ብለሽ አልነበር እንዴ፣ አልጋዬ?” አልኳት።

“ጸጋም አንዴ ይበቃል።”

ሃይለ ፊቱን ቋጥሮ አንዱ ዳር፣ እኔ ሌላው ዳር ቆምን። በዚህ ዕድሜዬ ጥላ ቢነካኝ ምን ይቀርብኛል። ፍረወይኒ አነሣችንና ፀሐይ ሸሽታ ደረጃው ሥር ገብታ ያለቀውን ጥቅል አወጣች። ጫፉ ላይ ሙጫ የተቀባች ቀጭን ወረቀት አለችው። ወረቀቷን ወደ ምላሷ አስጠጋችና ድንገት መለሰቻት። ከዚያ ጫፉን እንዲሁ ቆልመም አድርጋ ወደ ቦርሳዋ ልትከተው ስትል፣

“ምነው ጓለይ፣ ልትልሺው አልነበር?” አልኳት።

“ጾም ነዋ፣ ዓባየይ። ዘጠኝ ሰዓት መች ሆነና። ሙጫውስ ከምን እንደተሠራ ማን ያውቃል?”

“ለመሆኑ ለምንድን ነው የሚላሰው?”

“ጥቅሉ እንዳይላላ ነው። ከላላማ ብርሃን በዳርና በዳር...” አለችና አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

ጣቶቿን መቁጠር ጀመረች። በሃምሳው ቀን ጾም አልነበረም፣ ትልሰው ነበር። የሰኔውን ጾም ለቄሶቹ ስለምትተወው፣ ከዚያ ወዲህ የጠቆሩት ረቡዕና ዐርብ ያነሣቻቸው ናቸው። አሁን ደግሞ ፍልሰታ። ጥላው ለካ ካሜራው ውስጥ ኖሮ አያውቅም፤ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ያልታሸገ ጥቅል እየላላ፣ ፀሐይ በጎንና በጎን እየገባበት ነው።

እንግዲህ አስቡት። ጥቅሉ እጇ ላይ ሊተረተር ይታገላል፤ እሷ በሁለት እጇ አንቃ ይዛ “የሚልስልኝ ማነው?” ትላለች። አልጋነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ጾሙን ሙሉ ጾሜ፣ ዋዜማው ላይ ደርሼ በሙጫ መፍታቱ ከበደኝ። የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። ሌላ ጥቅል የለም፤ ይህ ከላላ የአያቷ ክፍልም አብሮ ሄደ።

ሃይለ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። አክስቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ልጁን አየ።

“አምጪው” አላት።

ላሰው። ደህና አድርጎ ላሰውና በአውራ ጣቱ ተጭኖ አሸገው። አልጋነሽ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

“ሃይለ” አለች አልጋነሽ ቀስ ብላ፣ “ይኼ ሻይ ሰዓት የምትሉት ነገር፣ ሻይ አለው እንዴ?”

“ከነብስኩቱ” አለ ሃይለ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ። “ባዶ ሆዴን ስሆን ጨጓራዬ ያቃጥለኛል። ይህን ብናገር ስትሰብኩኝ ልትውሉ ነው።”

ማን ማንን ሲሰብክ እንደከረመ ላስታውሰው አፌን ከፍቼ ነበር። ፍረወይኒ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ ሳይ ዘጋሁት።

ፊልሙ ሲታጠብ ከዳር እስከ ዳር የጠራ ሆነ። ለአሸንዳ ክፍሏ ተከፈተች፤ ልጃገረዶቹ በራፉ ላይ ተሰልፈው ሲጠባበቁ ዋሉ፣ ዛሬ ቁልፉ ፍረወይኒ አንገት ላይ ነው። ሞባይል ጠጋኙ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ክፍል አገኘ፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ አንዳንዴ ሻይ ይልክላታል። ይኸው፣ ብዕሯ ቀስ አለ። ሃይለ ለነፍስ አባቱ ነግሯቸው እስኪሻለው ፈቀዱለት፤ ቁርሱን በግልጽ ይበላል፣ ስብከቱንም ቀንሷል። አልጋነሽ አዲሱን ፎቶ አይታ “ይኼ አሮጊት አደረገኝ” ብላ ግድግዳዋ ላይ የሰቀለችው ያንን የጭጋጉን ነው። እኔም ዳር ላይ ቁልጭ ብዬ ወጥቻለሁ፣ ሽበቴ ሳይቀር።

ባለፈው ዐርብ ፍረወይኒ ግቢው ውስጥ አንድ ጥቅል ጨረሰች። ቧንቧው ጋ ሄዳ ጣቷን አረጠበች፣ ሙጫውን ዳበስ አደረገችና አሸገችው። በቃ፣ ይኸው ነው። ያን ዕለትም ቧንቧው ከሃይለ ጀርባ ነበር፤ ፎቶው ላይ ሳይቀር ወጥቷል፣ ሲንጠባጠብ። ማናችንም አላየነውም።

እንኳንም አላየነው።